ክሊራንሱ ላይ የሌለው ፊርማ

ፋብሪካ የሠራ ሰው ክሊራንስን ያውቀዋል። ሥራ ሊለቅ ሲል አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ያንን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ቱታውንና ቦቲውን መመለሱን አይቶ ይፈርማል። ፋይናንስ ዕዳ እንደሌለበት አይቶ ይፈርማል። ጥበቃ ባጁን ይቀበላል። የሎከር ቁልፍ ጠፍቶበት ከሆነ ዋጋው ከመጨረሻ ደመወዙ ይቆረጣል። ፊርማው ሲሟላ የሥራ ልምዱን ተቀብሎ ይወጣል።

እኔ እስካሁን ባየኋቸው ክሊራንሶች ላይ የሐኪም ፊርማ የሚያርፍበት መስመር አላየሁም። ሰውየው ለፋብሪካው የሚመልሰው ዕቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከፋብሪካው ተሸክሞት የሚሄደው ግን አይቆጠርም። ሳንባው፣ ጆሮው፣ ቆዳው፣ ወገቡ እንዴት ሆኖ ወጣ? የሚጠይቅ የለም።

ኮምቦልቻ ላይ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ዱቄቱ፣ ብረታ ብረቱ ሁሉም እዚችው ከተማ ውስጥ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ የሚገባው ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ሰው በዛ። ጦርነቱ መጣ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ተሰረዘችና ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፋው ዘርፍ ተመታ። ሥራውን ትቶ የወጣው ወጣት ብዙ ነው። ሲወጣ ግን ጤናውን ያየለት የለም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ግን ያሳለፉት ሩቅ ከተማ ባለ አንድ የጥጥ ፋብሪካ ነው። ከ15 ዓመት በላይ ጥጥ በሚፈታበትና በሚበጠርበት ክፍል ሠርተዋል። ሠራተኛው ብሎው ሩምና ካርዲንግ የሚለው ማለት ነው። በፈቃዳቸው ለቀው አገራቸው ገቡና ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ክሊራንሳቸው ንጹሕ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳሉ መጣ። ደሴ ደግሞ ለሳንባ አትራራም። የትም ቢሄዱ ዳገት ነው፤ ከፍታዋም ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ጋሼ ከሱቃቸው ቤታቸው ለመድረስ ሦስት ቦታ ማረፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ቀጥሎ አስም ተባለ። አክታቸው ሁለት ጊዜ ለቲቢ ተመረመረ፤ ነፃ ናቸው። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ሌሎቹ ያላነሱትን ጥያቄ አነሳ። «አባባ፣ ድሮ ሥራዎ ምን ነበር?»

ከ300 ዓመት በፊት ቤርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በሽተኛ ሲመጣ ሥራውን ጠይቁት ብሎ ባልደረቦቹን መክሮ ነበር። ያ ጥያቄ ጋሼ ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ።

ጋሼ ለድሮ ፋብሪካቸው ደወሉ፤ ሰውም ላኩ። የመጣው መልስ አጭር ነው። ሲለቁ ምንም አላሉም፤ ፋይላቸውም ላይ ሕመም የሚል ነገር የለም። እውነት ነው፣ የለም። የሌለው ስላልተመረመሩ ነው።

የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ በሕክምናው ስሙ ቢሲኖሲስ ይባላል። ጥጥ ሲፈታና ሲበጠር ብናኝ ይነሳል። ብናኙ ውስጥ የቅጠልና የግንድ ስብርባሪ አለ፤ ጥጡ ላይ ከነበሩ ባክቴሪያዎች የቀረ መርዝም አለበት። ይህ የአየር ቧንቧውን ያስቆጣዋል፣ ያጠብበዋል። የበሽታው ልዩ ነገር ቀን የሚመርጥ መሆኑ ነው። ሰኞን ይመርጣል። ሠራተኛው እሁድ አርፎ ሰኞ ሲገባ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ማክሰኞ ይሻለዋል። ስለተሻለውም ይረሳዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሕመሙ ማክሰኞንም ረቡዕንም ይወርሳል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ይሆናል። እዚያ ከደረሰ ሰውየው ከብናኙ ቢርቅም ሳንባው ወደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ «ሰኞ ሰኞማ ሁላችንም እንታፈን ነበር። እሁድ ያረፈ ገላ ሰኞ ይለግማል እንባባል ነበር» አሉኝ።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት በአገራችን አንድ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። በብሎው ሩም ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በካርዲንግ ከሚሠሩት 37.5 በመቶ ቢሲኖሲስ ተገኝቶባቸዋል። ከአሥር ሰው አራቱ እንደማለት ነው። ማሽኑም ማናፈሻውም ከዚያ ወዲህ በየቦታው ተለውጦ ይሆናል። የጥጥ ብናኝ ግን ያው የጥጥ ብናኝ ነው።

የመውጫ ምርመራ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። የሰኞው ምልክት የሚታየው ሰውየው እየሠራ እያለ ብቻ ነው። አንዴ ከለቀቀ ሰኞ እንደ ማንኛውም ቀን ይሆናል። የሚቀረው የደከመ ሳንባ ነው። የደከመ ሳንባ ደግሞ ከጥጥ ይምጣ፣ ከማገዶ ጭስ ይምጣ፣ ከሲጋራ ይምጣ፣ በራጅም ሆነ በመሣሪያ መለየት እጅግ ይከብዳል። ማስረጃው ከሰውየው ጋር በሩን አይወጣም። እዚያው ይቀራል።

የጆሮ ነገር ትንሽ ይለያል። የሽመና ማሽን፣ የጠርሙስ መስመር፣ የብረት መቁረጫ ጩኸታቸው በቀላሉ ከ85 ዴሲቤል ያልፋል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሰማ ሰው መጠንቀቅ የሚጀመረው ከዚህ ቁጥር ላይ ነው። መለኪያ ባይኖርህ እንኳ በክንድ ርቀት ካለ ጓደኛህ ጋር ለመግባባት መጮኽ ካስፈለገህ ቦታው ለጆሮህ ጥሩ አይደለም። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ የራሱ ምልክት አለው። በኦዲዮሜትሪ (በጆሮ ምርመራ) ሲለካ የመስሚያው መስመር 4,000 ኸርዝ በሚባለው ቀጭን ድምፅ አካባቢ ጎድጎድ ይላል። እዚያ የሞተው የመስሚያ ሴል አይመለስም። ጩኸቱ ሲቆም ግን ጉዳቱም ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ ሰውየው በሚወጣበት ሰሞን የተለካ ጆሮ ልክ እንደ ቆጣሪ ንባብ ነው። ቤት ስትለቅ የመብራት ቆጣሪ አንብበህ ታስረክብ የለ? ያንን ካላደረግህ ቀጥሎ የገባው ተከራይ ያቃጠለውም አንተ ላይ ይመጣል። ይህ ለሠራተኛው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ጆሮው ደህና ሆኖ ከቢራ ፋብሪካ የወጣ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ቢደነቁር የቀድሞው አሠሪ ተጠያቂ አይሆንም። ምርመራውን እንደ ክስ መቀስቀሻ የሚያዩ የኤች አር ኃላፊዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ክሮም የሚባል የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል አለ፤ ቆዳን ያስቆጣል፣ የማይለቅ አለርጂም ያመጣል። የዱቄት ብናኝ አስም ያመጣል። ልብስ ስፌት ላይ አንገት፣ ትከሻ፣ የእጅ አንጓ ይደክማል። ድንጋይ የሚጠርቡ ልጆች ደግሞ ከሁሉም ያሳስቡኛል። ኮብልስቶን ሲጠረብ በሚነሳው ደቃቅ አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ሊኖር ይችላል። ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ለቲቢም በር ይከፍታል። እነዚህ ልጆች ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ናቸው። ክሊራንስ የሚባል ነገር እንኳ የላቸውም።

የወሎ ሰው ምርመራን አያውቅም እንዳይባል፣ «ሜዲካል» የሚለውን ቃል የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል ደሟ፣ ሽንቷ፣ የደረት ራጇ ሁሉ ይታያል። «ሜዲካል አለፈች» ሲባል እልል ይባላል። «ወደቀች» ሲባል ቤቱ ያዝናል። ያ ምርመራ ለማን ነው የሚደረገው? ለሚቀጥራት ሰው ነው። ጤነኛ እጅ መቀበሉን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ሠርታ ወገቧ ተይዞ ስትመለስ ቦሌ ላይ የሚጠብቃት ሜዲካል የለም። የአገር ውስጡ ፋብሪካም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የመግቢያ ምርመራ አሠሪውን ይጠብቃል። የመውጫው ነው ሠራተኛውን የሚጠብቀው፤ የቀረውም እሱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። አዲስ የሚቀጠሩትንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ ማስመርመር አለበት ይላል። የኤች አይ ቪ ምርመራን ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጎታል። አዲስ የሚገባው አለ፤ አደገኛ ቦታ ላይ ያለው አለ። ስለሚሰናበተው ግን አንቀጹ ለብቻው የሚለው ነገር የለም። ክፍተቱ ይህ ነው።

ያም ሆኖ አዋጁ ባዶ እጅ አይሰድም። አንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ ይናገራል። በሽታው ለዚያ ሥራ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ውስጥ ካለና ሠራተኛው ያንን ሥራ ይሠራ ከነበረ፣ ከሥራው ለመምጣቱ ያ ብቻውን በቂ ማስረጃ ይሆናል። ጉዳቱ የደረሰበት ቀን ተብሎ ከሚያዙት አንዱ ደግሞ ሐኪም በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀበት ቀን ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሐኪም ያላየው በሽታ በሕግ ዓይን ቀን የለውም። ሥራ ላይ እያለ የታወቀለት ሠራተኛ ግን ሕክምናው በአሠሪው ይሸፈናል። ለጊዜው መሥራት ካልቻለም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት 50 በመቶ ያገኛል። ለቋሚ ጉዳትም መጠኑ በሕክምና ቦርድ ተለክቶ ካሣ አለ።

ሌላው በአንቀጽ 12 ያለው ነው። አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የቆየበትን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። የሥራ ልምድ የምንለው ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ግን «የምርት ሠራተኛ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ቃል ለቀጣይ ሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ለሳንባ አይበቃም። «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በካርዲንግ ክፍል ማሽን ኦፕሬተር» ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅ መብት ነው። ጋሼ የሥራ ልምዳቸውን አሳይተውኛል። የሠሩበት ክፍል አልተጻፈም።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ከረጅም ጊዜ በፊት አስቦበታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ወደፊት ጤናን ሊጎዳ የሚችል ሥራ ሲያበቃም ካበቃ በኋላም ሠራተኛው ይታይ ብሏል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ ከማዕድን የሚወጣ ሠራተኛ የመውጫ ምርመራ ተደርጎለት የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታደርጋለች። ቻይና የበለጠ ጠንክራለች። በአደገኛ ነገር አጠገብ የሠራን ሰው አሠሪው ሲገባ፣ እየሠራ እያለና ሲወጣ በራሱ ወጪ ማስመርመር አለበት። የመውጫው ሳይደረግ ውሉን ማቋረጥ አይችልም። የኮምቦልቻን ፓርክ የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው። ሼዱን ከወሰድን ይህንንም ልማድ ብንወስድ ምን ይለናል?

አይሆንም የሚሉም አሉ፤ ነጥባቸው ቀላል አይደለም። በስፌት ሼዶች ሰው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ሦስት ወር ሠርቶ ደመወዝ በተቀበለ ማግስት የሚጠፋ ልጅ አለ። እሱን ማን ጠርቶ ይመረምራል? ወጪውም አለ። በሙያ ጤና የሠለጠነ ሐኪምም እንደልብ አይገኝም። ይገባኛል። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ሁሉንም ምርመራ ያድርግ የማልለው። ቢሮ የሠራ ሰው ስፒሮሜትሪ (የሳንባን አቅም በትንፋሽ መለካት) አያስፈልገውም። ብሎው ሩምና ካርዲንግ ሳንባ ይታይ። ሽመናና ጠርሙስ መስመር ጆሮ ይታይ። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳና ደረት ይታይ። እንዲህ ሲለይ ዝርዝሩ ያጥራል። ስፒሮሜትር ደግሞ የደረት ራጅ አይደለም። በእጅ የሚያዝ አለ፤ ሠራተኛው በኃይል ይተነፍስበታል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል። በደንብ የሠለጠነች የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ትሠራዋለች።

ከሠራተኛው ወገን ያለው ፍርሃት የበለጠ ያሳስበኛል። «ታማሚ ነህ ብለው ቢጽፉብኝ ሌላ ቦታ ማን ይቀጥረኛል?» የሚል ልጅ አጋጥሞኛል። ትክክለኛ ፍርሃት ነው። መልሱ ውጤቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ነው። ዝርዝሩ የሠራተኛው ነው። አሠሪው ማወቅ የሚገባው ሰውየው ለዚያ ሥራ ብቁ መሆን አለመሆኑንና የሥራ ቦታው ምን መስተካከል እንዳለበት ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ጤነኛ ነኝ፣ ወደፊት ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ከምርመራው ጋር ቢመጣ አትፈርሙ። የሲሊካ ጉዳት ከዓመታት በኋላ እንደሚታይ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ራጅ የዛሬን ብቻ ነው የሚናገረው።

ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ቦታ ይህን በኅብረት ስምምነት ማስገባት ይችላል። የኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ ነገር ለሠራተኛው ሊይዝ ይችላልና። ድርድሩ ሁልጊዜ ስለ ጭማሪና ስለ ቦነስ ነው፤ እሱም ተገቢ ነው። ከዚያው ጎን ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ ብር አይጠይቅም።

ወረቀቱ ደግሞ ሠራተኛው ቤት ይቀመጥ። በፋብሪካው ፋይል ብቻ መተማመን ምን እንደሚያመጣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው አልነግረውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ የተዘረፈውንና የወደመውን አይተናል። ቢሮ ሲዘረፍ ፋይልም አብሮ ይሄዳል።

ጊዜው መቼ ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ የማስጠንቀቂያው ወር ነው። በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሠሪው የሚያሰናብተው ከሆነ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ማስጠንቀቂያ አለ። ሠራተኛው ገና ሥራ ላይ ነው። ብናኙም ጩኸቱም ገና አብረውት ናቸው። ማስረጃው በእጁ ያለው ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያ የሌለበት ቦታ ከሆነ፣ ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ሂዱና የምትሠሩበትን ክፍል፣ የሠራችሁበትን ዓመት፣ የሚሰማችሁን ነገር ካርዱ ላይ አስጽፉ። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት። የካርዱን ኮፒ ያዙ።

መሣሪያ ካለ ደግሞ ቀኑን ምረጡ። ጆሮ የሚለካው ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ርቆ ካረፈ በኋላ ነው፤ አለዚያ የድካሙን እንጂ የጉዳቱን አያሳይም። የጥጥ ሳንባ ደግሞ ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን፣ ሺፍት ሳይገባና ሺፍት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ በመሃል ቁጥሩ ከወረደ ብናኙ ምን እንደሠራ ይታያል። እረፍታችሁ እሁድ ከሆነ ሁለቱም ሰኞ ላይ ይገጥማሉ። ጠዋት ሳትገቡ ጆሯችሁንና ሳንባችሁን፣ ማታ ስትወጡ ሳንባችሁን እንደገና። በማስጠንቀቂያው ወር ውስጥ አራት ሰኞ አለ።